የቴክሳስ ዶናት ቤት የሚያቃጥለው ኮላቺ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዳላስም ሆነ ሂዩስተን አዲስ የገባ ሀበሻ ጠዋት ዶናት ቤት ጎራ ሲል መስታወቱ ውስጥ ከዶናቶቹ ጎን የተደረደረችውን፣ ሶሴጅ ከጫፏ ብቅ ያለባትን ዳቦ አይቶ "ይቺ ደሞ ምንድናት?" ማለቱ አይቀርም። ከዛ አሳማ አላት ወይ፣ ታቃጥላለች ወይ፣ ረቡዕ ትበላለች ወይ እያለ ይቀጥላል። እስቲ አንድ ላይ ልመልሳቸው። መልሱ ውስጥ የራሴ ምርጫም አለበት፣ እኔ የሃላፔኖዋ ወገን ነኝ። ሌላ ካላልኩ በቀር ሰዓቱም ዓመቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ 5 ሰዓት ስል ረፋድ እንዳይመስላችሁ።

በትክክል ምንድናት?

ኮላቺ ይሏታል። ሊጧ በእርሾ የተነሳ፣ ወተትና ቅቤ እንቁላልም ያለበት፣ ትንሽ ጣፈጥ የሚል ሊጥ ነው፤ እሱ ውስጥ ሶሴጅ፣ ቺዝና ሃላፔኖ ይጠቀለልና ኦቨን ይገባል። ዘይት ውስጥ አትጠበስም፣ ብዙ ሰው ዶናት ቤት ስላያት ብቻ የተጠበሰች ይመስለዋል። ሃላፔኖ ያቺ ሱፐርማርኬት የምናገኛት አውራ ጣት የምታህል ወፍራም አረንጓዴ የሜክሲኮ ቃሪያ ናት፣ ቴክሳስ እንደውም በ1995 የግዛቱ ይፋዊ ቃሪያ አድርጓታል።

ኮላቺ መነሻዋ የቼኮች፣ መሀል አውሮፓ ያለችው የቼክ አገር ሰዎች፣ ዳቦ ናት፤ እነሱ ራሳቸው ፊት ከሆናችሁ ግን ተጠንቀቁ። ለነሱ ኮላቺ ማለት መሀሏ ላይ ፕለም ወይ አፕሪኮት ወይ የጣፈጠ ቺዝ የተቀመጠባት ክፍቷ ናት፣ ሶሴጅ የተጠቀለለባት ስሟ ክሎባስኔክ ነው። በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። ዶናት ቤት ግን ኮላቺ ብላችሁ እዘዙ፣ ክሎባስኔክ ካላችሁ ልጅቷ ግራ ነው የሚገባት።

የቼክ ዳቦ ዶናት ቤት ምን ይሠራል?

ይሄ ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ ትንሽ ታገሱኝ።

ቼኮች፣ በተለይ ሞራቪያ ከሚባለው የቼክ ምሥራቃዊ ክፍል የመጡት፣ ከ1850ዎቹ ጀምሮ በጋልቨስተን ወደብ በኩል እየገቡ መሀል ቴክሳስ ላይ መሬት ገዝተው ጥጥና በቆሎ ማረስ ጀመሩ፤ ፋየት፣ ላቫካ፣ በርልሰን የሚባሉት አውራጃዎች ዛሬም በቼክ ስም የተሞሉ ናቸው፣ ፕራሃ የምትባል መንደር ሁሉ አለች። የፍራፍሬዋን ኮላቺ ይዘው የመጡት እነሱ ናቸው። የሶሴጇ ግን እዚሁ ቴክሳስ የተወለደች ናት፤ ዌስት በምትባለው ከተማ በ1952 የተከፈተው ቪሌጅ ቤከሪ በ1953 መጀመሪያ የሠራናት እኛ ነን ይላል። ለገበሬ የሚመች ነገር ነው፣ ሥጋውም ዳቦውም በአንድ እጅ ተይዞ ይበላል።

ከዛ ሁለተኛው ስደተኛ መጣ። በ1975 ክመር ሩዥ የሚባለው የኮሚኒስት ታጣቂ ቡድን ካምቦዲያን ሲይዝ የሸሹት ሰዎች ካሊፎርኒያ ገቡ፣ ከነሱ ውስጥ ቴድ ንጎይ የሚባለው ሰውዬ ዶናት ቤት ተቀጥሮ ሙያውን ለመደና የራሱን ሱቅ ገዛ፣ ከዛ ሌላ፣ ከዛ ሌላ፣ ዘመድና ወገኑን እያስመጣ ሥራውን እያስተማረ ሱቅ እያከራየ ቀጠለ። የካሊፎርኒያ ዶናት ንግድ እንዲህ እንዲህ እያለ በካምቦዲያኖች እጅ ገባ። ካሊፎርኒያ ሲጠብ ብዙዎቹ ኪራይ ወደሚረክስበት ወደ ቴክሳስ መጡ። እዚህ ሲደርሱ ደግሞ ጠዋት የሚመጣው ደንበኛ ዶናት ብቻ አይበቃውም፣ ሥጋ ያለው ነገር ይጠይቃል፣ "ኮላቺ የላችሁም?" ይላል። ሊጥና ኦቨን አላቸው፣ ከሌሊቱ 8 እና 9 ሰዓት (ይሄኛው በኛ አቆጣጠር ነው) ተነስተው ሥራ ላይ ናቸው፤ ጨመሩት።

ስለዚህ የቼክ ዳቦ፣ የሜክሲኮ ቃሪያ፣ የካምቦዲያ ሴት እጅ። ገዢው ደሞ ሌሊት ሙሉ ኡበር ሲነዳ ያደረ የጎንደር ልጅ። ቴክሳስ ማለት ይሄው ነው።

ዶናት ቤት ሁሉ ግን የካምቦዲያ አይደለም፣ ሂዩስተን ላይ ሺፕሊ በ1936 የተጀመረ የቴክሳስ ድርጅት ነው እሱም ኮላቺ ይሸጣል፣ ኮላቺ ፋክተሪ የሚባለው ደሞ በ1982 እዛው ሂዩስተን ተከፍቶ ዋና ሥራውን ኮላቺ ያደረገ ነው።

እውነት ታቃጥላለች?

ለፈረንጅ አዎ። ለኛ... ተዉት።

ቃሪያ የሚያቃጥልበት መለኪያ አለ፣ ስኮቪል ይባላል። ሃላፔኖ በዛ መለኪያ ከ2,500 እስከ 8,000 ነው። ለሚጥሚጣ የምንፈጫቸው ዓይነት ትንንሾቹ ቃሪያዎች ብዙ ጊዜ ከ50,000 በላይ ይሄዳሉ። ስለዚህ ከልጅነቱ ጀምሮ ቃሪያ ስንጉን ሳይፈራ የገመጠ ሰው ይቺን ሲበላ አያለቅስም።

ግን አንድ ነገር አለ። ዶናት ቤቶች የሚጠቀሙት ብዙ ጊዜ ትኩሱን ሃላፔኖ ሳይሆን በጣሳ ወይ በጋሎን የሚመጣውን፣ ኮምጣጤ ውስጥ የተቀመጠውን ክብ ክብ የተቆረጠ ነው። እሱ ማቃጠሉን ከፊሉን ለኮምጣጤው አስረክቧል፣ በምትኩ ኮምጠጥ ያለ ጣዕም ያመጣል። በዛ ላይ ለፋብሪካ የሚዘራው ሃላፔኖ ራሱ ብዙ ጊዜ ለስላሳ ዓይነት ነው፣ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ሆን ብሎ የማያቃጥል ሃላፔኖ አዳቅሎ አውጥቷል፣ እኔ ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም ግን ይሁን።

ማቃጠሉን የሚወስነው ሃላፔኖው የት እንዳለ ነው። አንዳንድ ቤት ቃሪያው ሶሴጁ ውስጥ አብሮ የተፈጨ ነው፤ እሷ ቀስ ብላ ናት የምትመጣው፣ መጀመሪያ የሊጡ ጣፋጭነት ይመጣል፣ ከዛ ጨውና ጭስ ጭስ የሚለው ሥጋ፣ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ጉሮሮ አካባቢ ሞቅ ይላል። ሌላ ቤት ደሞ ተራ ሶሴጅ ያደርጉና አጠገቡ ሁለት ሦስት ክብ ሃላፔኖ ይጥላሉ። የዚህችኛዋ ችግር እድል ናት፤ አንዱ ጉርሻ ምንም የለውም፣ ቀጣዩ ላይ ሦስቱም ተሰብስበው ይጠብቋችኋል። ሦስተኛ ዓይነት ደሞ አለ፣ አንድ ሃላፔኖ ከላይ ለምልክት ብቻ የተለጠፈባት። እሷ ጌጥ ናት፣ ብር አታጥፉ።

ምርጫዬን ከጠየቃችሁኝ ቃሪያው ከሶሴጁ ጋር የተፈጨባት። ቺዙ ደሞ ከውስጥ መሆን አለበት፣ ከላይ የተረጨ ቺዝ ኦቨን ውስጥ ደርቆ እንደ ወረቀት ይላል።

የአሳማ ሥጋ አለባት?

ብዙውን ጊዜ አዎ። ይሄን ሳትጠይቁ እንዳትገዙ።

የቴክሳስ ቼክ ሶሴጅ በልማድ አሳማ ወይ አሳማና በሬ የተቀላቀለ ነው። ዶናት ቤት የሚመጣው ደሞ ከጅምላ አከፋፋይ በካርቶን የሚገባ ነው፣ እሱም በአብዛኛው አሳማ አለበት። ክርስቲያን ሆናችሁም ሙስሊም ሆናችሁም አሳማ የማትበሉ ከሆነ ዝም ብሎ "ሶሴጅ" የሚል ጽሑፍ ካያችሁ አሳማ ነው ብላችሁ ተነሱ። ሃም የሚለው ያው አሳማ ነው፣ ቤከንም እንደዛው።

"ቢፍ" ወይ "ተርኪ" ሲሏችሁም አንድ ጥያቄ ጨምሩ። ሥጋው የበሬ ሆኖ የተሞላበት ስስ ቆዳ የአሳማ አንጀት የሆነበት ሶሴጅ አለ፤ ስለዚህ ካርቶኑን ወይ ሌብሉን ማየት እችላለሁ ወይ በሉ። ነውር አይደለም። ዴስክ ላይ ያለችው ሴትዮ ብዙ ጊዜ ራሷ ባለቤቷ ናት፣ ወረፋ ከሌለ ከማቀዝቀዣው አውጥታ ታሳያችኋለች፤ ወረፋ ካለ ግን ከኋላ ያለው ሰውዬ ማጉረምረሙ ስለማይቀር ቀለል ባለ ሰዓት ሂዱና አንዴ አጣሩ፣ ከዛ በኋላ ያ ቤት የናንተ ነው።

ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች፣ ሂዩስተን ሃላል ኮላቺ የሚሠሩ ቤቶች አሉ፣ ዳላስ አካባቢም ሃላል የሚል ምልክት የለጠፉ ዶናት ቤቶች ታገኛላችሁ። ተራ ዶናት ቤት ያለው ቢፍ ግን ቢፍ ነው እንጂ ሃላል አይደለም። በዛ ላይ ሁሉም አንድ ትሪ ላይ ነው የሚጋገረው፣ የአንዱ ስብ ወደ ሌላው ይፈሳል፣ ለዚህ የምትጠነቀቁ ከሆነ ሃላል ቤት መሄዱ ይሻላል።

አሳማም ሥጋም ሳትነኩ ማቃጠሏን ብቻ ከፈለጋችሁ እንቁላል፣ ቺዝና ሃላፔኖ የሚል ጠይቁ። ሁሉም ቤት የለም፣ ያለበት ቤት ግን በጣም አሪፍ ናት፣ ሰው አያውቃትም እንጂ።

በጾም ትበላለች?

አትበላም። የሥጋዋ ይቅርና የፍራፍሬዋም አትበላም፣ ሊጡ ራሱ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አለው። "ፕለም ብቻ ናት እኮ" የሚል ሰው ሁሌም አይጠፋም። ዶናቱም ቢሆን ዱቄቱ በብዛት ወተት ወይ እንቁላል የተቀላቀለበት ነው፣ ቡናው ብቻ ነው የጾም።

የሚገርመው ደሞ ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት (ይሄም በኛ አቆጣጠር ነው) ለሚጾም ሰው ነገሩ ከነጭራሹ አይነሳም፤ የመብያው ሰዓት ሲደርስ ዶናት ቤቱ ተዘግቷል። ሁዳዴ ሲያልቅ ግን የፋሲካ ማግስት ሰኞ ጠዋት ሄዳችሁ ማየት ነው፣ ያገሬ ልጆች ወረፋው ላይ አሉ።

የጾም ኮላቺ ቤት መሥራት ይቻላል፣ ታች አለ።

ስንት ሰዓት ልሂድ?

በጠዋት። አብዛኞቹ 5 ሰዓት አካባቢ ይከፍታሉ፣ ቀትር ወይ 1 ሰዓት ላይ ይዘጋሉ። የሃላፔኖዋ ቶሎ ታልቃለች፣ በተለይ ቅዳሜና እሁድ፤ ከ9 ሰዓት በኋላ ሄዶ አልቋል መባል የተለመደ ነው። የሌሊት ሺፍት ለሚወጡ፣ ሆስፒታልም ይሁን ፓርኪንግም ይሁን መጋዘን፣ ከ6 ሰዓት በፊት ያለው ሰዓት ወርቅ ነው፣ ከኦቨን እንደወጣች ታገኟታላችሁ።

እሁድ ቅዳሴ ለምትሄዱ፣ ገዝታችሁ መኪና ውስጥ ትታችሁ ከቅዳሴ በኋላ እንበላለን ካላችሁ ታች የጻፍኩትን አንብቡ፣ በተለይ በበጋ።

እንዴት ነው የማዘው? እንግሊዝኛዬ ገና ነው

ብዙ ቃል አይፈልግም፣ ሴትዮዋም እንግሊዝኛዋ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው፣ ትግባባላችሁ። በሩን ስትከፍቱ ደወሏ ታቃጭላለች፣ መስታወቱ ጋ ጠጋ በሉና በጣት አሳዩ። "ዋን ሃላፔኖ ሶሴጅ ቺዝ" በቂ ነው። ስለ ሥጋው "ፖርክ ኦር ቢፍ?"፣ ለማሞቅ "ዋርም፣ ፕሊዝ"። በመቆንጠጫ ታነሳና በሰም ወረቀት ጠቅልላ ነጭ ከረጢት ውስጥ ትከታለች፣ ከረጢቱ ካሹ እስኪመለስላችሁ ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ ቅባት ጠብ ማድረግ ከጀመረ ትኩስ ናት ማለት ነው።

ሴትዮዋ በዕድሜ ጠና ያለች ካምቦዲያዊት ከሆነች እጅ ስትነሱ ደስ ይላታል። ደንበኛ ከሆናችሁ ዶናት ሆል (ክብ ክብ ትንንሾቹን) በነጻ ጣል ታደርጋለች፣ ለልጆቹ ናቸው ብላ።

ዋጋዋስ?

እንደ ሰፈሩና እንደ መጠኗ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ዶላር። አንዳንድ ትንንሽ ቤቶች ለካርድ መነሻ ሂሳብ አላቸው፣ ካሽ ያዙ። ቲፕ ግዴታ አይደለም፣ ማሽኑ ቢጠይቃችሁም አትደንግጡ፣ ሳንቲም መጣያ ብርጭቆዋ ላይ አንድ ዶላር ጣል ካደረጋችሁ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ያስታውሷችኋል።

ከምን ጋር ትጠጣ?

ቃሪያን እንዲያቃጥል የሚያደርገው ንጥረ ነገር ካፕሳይሲን ይባላል፤ ምላሳችን ላይ የሚነካው ነርቭ ሙቀትን የሚያውቀው ያው ነርቭ ነው። ለዛ ነው የሚፋጅ ቡና ላዩ ላይ ስትጨምሩበት ማቃጠሉ እጥፍ የሚሆነው። ውሃም አይረዳም፣ ካፕሳይሲን ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ አፍ ውስጥ ያዞረዋል ብቻ። ወተት ግን ያነሳዋል፣ ወተት ውስጥ ያለው ኬዚን የሚባል ፕሮቲን ይዞት ይሄዳል። ለሕፃን ወይ ለማይችል እንግዳ ትንሿን የወተት ካርቶን አብራችሁ ግዙ።

እኔ ግን ማቃጠሉ እንዲጨምር ስለምፈልግ ከትኩስ ጥቁር ቡና ጋር ነው የምበላት። የዶናት ቤት ቡና ቡና ነው ወይ የሚለው ሌላ ክርክር ነው፣ ቤታችሁ አፍልታችሁ በፔርሙዝ ብትይዙ ማንም አይከለክላችሁም።

ክሮሳንት ከሃላፔኖ ጋር የሚሉትስ?

እሱ ሌላ ነው፣ ሊጡ በቅቤ የተነባበረ ክሮሳንት ነው፣ ውስጡ ሃም ወይ ሶሴጅ፣ ቺዝና ሃላፔኖ። ዳላስ አካባቢ ከኮላቺዋ እኩል ይሸጣል። ይፈረፈራል፣ መኪና ውስጥ ከበላችሁት ወንበሩ አይጸዳም። ጣዕሙ አይከፋም፣ ግን ሊጡ ጣፋጭ ስላልሆነ ያ የጣፋጭና የቃሪያ ግብግብ የለበትም፣ እኔን የሚማርከኝ ደሞ እሱ ነው።

ሂዩስተን ያየሁት ቡዳን የሚለውስ?

ስሙን ሰምታችሁ አትሳቁ። ከሉዊዚያና የመጣ፣ ኬጀን የሚባሉት የፈረንሳይ ዘር ያላቸው የዛ አገር ሰዎች ሶሴጅ ነው፣ አሳማ፣ ሩዝ፣ ብዙ ጊዜም ጉበት፣ ሽንኩርትና ቅመም ተቀላቅሎ የሚሞላ። እሱን ኮላቺ ውስጥ ያስገቡታል። ቅመሙ ከሃላፔኖዋ ይበልጣል፣ ሥጋው ግን አሳማ ስለሆነ ለብዙዎቻችን የወሬ ብቻ ነው የሚሆነው።

ልጆች ይበሏታል?

የኛ ልጆች እዚህ ተወልደው ሚጥሚጣ ሲያዩ የሚሮጡ አሉ፣ በሁለት ዓመታቸው ክትፎ የሚጠይቁም አሉ፣ ልጃችሁን እናንተ ታውቃላችሁ። ለትንንሾቹ ያለ ሃላፔኖ ትንሿ ሶሴጅ የተጠቀለለባት አለች። ግን ለሕፃን ሶሴጁን ክብ ክብ አድርጋችሁ አትቁረጡ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀረው እንደዛ ሲሆን ነው፤ በርዝመቱ ሰንጥቃችሁ አድቅቁት።

ሃላፔኖውን በእጃችሁ ለቅማችሁ ካወጣችሁ በኋላ ደሞ የልጅ ዓይን እንዳትነኩ፣ የራሳችሁንም።

ወላጆቼ ካገር ቤት መጥተዋል፣ ላቅምሳቸው?

አቅምሷቸው፣ ግን አስቀድማችሁ ሥጋውን አጣሩ፣ እማማ ከበሉ በኋላ "አሳማ ነበር ለካ" ማለት ይቅር የሚባል ነገር አይደለም። የኛ አባቶችና እናቶች ብዙ ጊዜ የሚከብዳቸው ቃሪያው አይደለም፣ ስኳሩ ነው። "ሥጋ ከስኳር ጋር ምን አገናኘው?" ይላሉ፣ ትክክል ናቸው፣ እኛ አገር ቦምቦሊኖ ለብቻው ነው ሳምቡሳ ለብቻው። ግማሽ ቆርጣችሁ ከሻይ ጋር ስጧቸው፣ ሙሉውን አታስገድዱ። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ለሚወስዱ ደሞ ሶሴጁም ቺዙም ሃላፔኖውም ጨው የበዛበት መሆኑን አስቡበት።

ዌስት ድረስ መንዳት ያዋጣል?

ለብቻዋ አይመስለኝም፣ ከዳላስ ወደ ኦስቲን በአይ 35 የምትሄዱ ከሆነ ግን ዌኮ ከመድረሳችሁ በፊት መንገዱ ላይ ናት፣ አለማቆም ጥፋት ነው። ቼክ ስቶፕ የሚባለው ነዳጅ ማደያ ያለው ቤት ወረፋው በር ላይ ይደርሳል ግን ይፈጥናል። እዛ ሊጡ ከዶናት ቤቱ ለስለስ ያለ ነው፣ ሶሴጁ ስትነክሱት ቀጭ ይላል። ወደ ሂዩስተንና ኦስቲን መሀል ለምትመላለሱ ደሞ በ71 መንገድ ላይ ኤሊንገር ያለው ሁሩስካስና ላግራንጅ ያለው ዋይክልስ አሉ። እነዚህ ቤቶች ላይ የፍራፍሬዋን፣ በተለይ የፓፒ ዘሯን ጥቁሯን፣ ሳትቀምሱ አትውጡ። ቃሪያ የላትም ግን ይቅር ብያታለሁ።

ከቴክሳስ ውጪ የምንኖረውስ?

ዲሲና ቨርጂኒያ ያላችሁ ዶናት ቤት ገብታችሁ ኮላቺ ብትሉ የሚያውቃችሁ ብዙ የለም። ኮላቺ ፋክተሪ ከቴክሳስ ውጪም ቅርንጫፎች አሉት፣ ስልካችሁ ላይ ፈልጉ። ሚኒሶታ ያላችሁ ወገኖች ቼኮች እናንተም ጋ አሉ፣ ሞንትጎመሪ የምትባለው ከተማ በየዓመቱ የኮላቺ በዓል ታከብራለች፤ ነገር ግን እዛ ያለችው የፍራፍሬዋ ናት፣ የሃላፔኖ ሶሴጅ ፈልጋችሁ ከሄዳችሁ ታዝናላችሁ። አውሮፓና አረብ አገር ለምትኖሩ ያላችሁ አማራጭ ቤት መጋገር ነው።

ቤት እንዴት ትሠራለች?

ከባድ አይደለም፣ ሂደቷን በዝርዝር ልንገራችሁ። ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ትንሽ ፓኬት (7 ግራም) ደረቅ እርሾ፣ 250 ሚሊ ለብ ያለ ወተት፣ 60 ግራም ስኳር፣ 80 ግራም የቀለጠ ቅቤ፣ አንድ እንቁላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው። ቅቤው የፈረንጅ ይሁን፣ የተነጠረ ቅቤ ያደረጉ አሉ፣ ኮረሪማው ከስኳሩ ጋር ይጣላል ባይ ነኝ። ሊጡ እጅ ላይ ትንሽ ይያዝ፣ ዱቄት እየጨመራችሁ አታድርቁት፣ ሰው ሁሉ የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው። አሽታችሁ ሸፍናችሁ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ እጥፍ እስኪሆን ይቆይ።

ውስጡን ሶሴጅ ትታችሁ በኛ መንገድ ሥሩት። የተፈጨ የበሬ ሥጋ ከቀይ ሽንኩርት ጋር ጥብስ አድርጉ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ጥቁር አዝሙድ፣ ደቀቅ ተደርጎ የተከተፈ ቃሪያ፣ መጨረሻ ላይ ሚጥሚጣ በልካችሁ። ቃሪያው ይበልጥ እንዲያቃጥል ከፈለጋችሁ ውስጡ ያለውን ነጩን ሥር አትጣሉት፣ ዋናው የሚያቃጥለው እሱ ላይ ነው ያለው፣ ፍሬው ስሙ ነው የከፋው። ፈሳሹ እስኪመጥ አድርቁት፣ ከዛ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ይሄን አትዝለሉ፤ ትኩስ ሥጋ ሊጡ ላይ ካደረጋችሁ ቅቤው ይቀልጥና ታቹ ረጥቦ ይቀራል። ቺዝ ሞዞሬላ ወይ ቸዳር፣ አይብም ይሆናል ግን ውሃውን ጥሩ አድርጋችሁ ጭመቁት።

ሊጡን 12 ቦታ ከፍላችሁ በመዳፍ ዘርጉ፣ ሙሉ፣ ጠርዙን ቆንጥጣችሁ ዝጉና የተዘጋውን ወደ ታች አድርጋችሁ ትሪ ላይ ደርድሩ። ሌላ ግማሽ ሰዓት ይረፍ። እንቁላል ቀብታችሁ በ190 ዲግሪ ሴልሺየስ (375 ፋራናይት) ከ15 እስከ 18 ደቂቃ፣ ወርቃማ እስኪሆን። እንደወጣ ላዩን ቅቤ ንኩት።

ለጾም ወተቱን በውሃ ወይ በአልሞንድ ወተት፣ ቅቤውን በዘይት ቀይሩ፣ እንቁላሉን ተዉት፣ ውስጡ እንደ ሳምቡሳ የደረቀ ምስር ከቃሪያ ጋር። ሊጡ ትንሽ ይጠነክራል፣ የዛኑ ዕለት ብሉት።

የተረፈው እንዴት ይቀመጣል?

ሥጋና ቺዝ ያለበት ነገር ውጪ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፣ የቴክሳስ በጋ ላይ ደሞ 90 ፋራናይት ካለፈ ከ1 ሰዓት በላይ። የቆመ መኪና ውስጥ ከዛም ይብሳል። ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ድረስ ምንም አትልም፣ አንድ በአንድ ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ካደረጋችኋት ሁለት ወር አካባቢ ትቆያለች።

ስታሞቁ ማይክሮዌቭ ከሆነ እርጥብ ያለ የወረቀት ፎጣ ጠቅልሉና 20 እና 30 ሰከንድ ብቻ፣ ከዛ ካለፈ ሊጡ ጎማ ይሆናል። ኦቨን ወይ ኤር ፍራየር ካላችሁ በ350 ፋራናይት፣ ኦቨኑ 10 ደቂቃ፣ ኤር ፍራየሩ 4 እና 5 ደቂቃ። ከፍሪዘር የወጣችውን ማታ ፍሪጅ አውርዱና ጠዋት አሙቁ። ስትገምጡ ደሞ ተጠንቀቁ፣ ውጪዋ ለብ ብሎ ውስጥ ያለው ቺዝ ይፋጃል።